ከብቦ ማለፍ

ጀማነሽ እስከ ዛሬ ቦርሳዋ ውስጥ ጠመኔ ትይዛለች፤ ሁለት ነጭ፣ አንድ ቀይ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። በምታስተምርበት ክፍል ግን በጠመኔ የሚጻፍበት ሰሌዳ ከተነሣ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ግድግዳው ላይ አሁን ያለው ስማርት ቦርድ የሚሉት፣ ሲበራ ክፍሉን ሁሉ ሰማያዊ የሚያደርግ ሰፊ መስታወት ነው። ተማሪዎቹም ታብሌት ይታደላቸዋል። ጠመኔውን ለምን እንደምትይዝ ስትጠየቅ «መብራት ቢጠፋስ?» ትላለች። መብራትስ ይጠፋል፤ ግን ጠመኔው ምን ላይ ሊጽፍ ነው? ይህን ጠይቄያት አላውቅም። ሰው ፍርሃቱን የሚያስይዘው ዕቃ አያጣም፤ ዕቃው መሥራቱ የግድ አይደለም።

አሥራ አንድ ዓመት አብረን አስተምረናል። እኔ በጡረታ ወጣሁ፣ እሷ ቀረች። ትምህርት ቤቱ ከቂርቆስ ወደ ካዛንቺስ ሲኬድ፣ ሰፊው አዲስ መንገድ ካለፈበት ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ስምንተኛ ክፍልን አማርኛ ታስተምራለች። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር አስተምራ አታውቅም። ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ነው፤ ለጡረታ ሁለት ዓመት ይቀራታል። ላንቻ ከእህቷ ጋር ትኖራለች፤ ጠዋት ጠዋት በእግሯ ትመጣለች፣ ታክሲ ቢኖርም። መንገድ ላይ የሱቅ ማስታወቂያ እያነበበች ስለምትመጣ ትምህርት ቤት የምትደርሰው ሁልጊዜ ትንሽ ተናድዳ ነው። «ፀጉር ቤት» የሚለው በጸሎቱ ጸ ተጽፎ ካየች የዚያን ቀን ተማሪ አያድርግህ።

አባቷ ደብረ ታቦር አካባቢ ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እየተባለች ያደገች ልጅ ናት። ለእኔና ለእናንተ ሦስቱም አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለእሷ ሦስት ሰዎች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቤት ያላቸው። ይህን ጽሑፍ ብታየውም ሳትከብበው የምታልፈው ገጽ አይኖርም።

መክበቡን ላስረዳ፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። ተማሪ «ሰአሊ» ብሎ ቢጽፍላት ሰን በቀይ እስክሪብቶ ትከብባለች፣ አን ትከብባለች፣ ከጎኑ «ሠ፣ ዓ» ብላ ትጽፋለች። ከዚያ ማርኩን ትሰጣለች፤ ሙሉውን። መልሱን እስካወቀ ድረስ በፊደል ምክንያት አንድም ልጅ ጥላ አታውቅም። የእሷ ፈተና ሲመለስ ወረቀቱ ኩፍኝ የወጣበት ይመስላል፤ ታች የተጻፈው ቁጥር ግን አሥራ ስምንት ከሃያ ነው።

«ቲቸር፣ በድንጋጤ ሊገድሉን ነው እኮ» ይሏታል።

«ከደነገጣችሁ አትረሱትም።»

ሰፈራችን ውስጥ ዛሬ ሐኪም የሆነ፣ ሹፌር የሆነ፣ ሥራ የፈታም ሞልቷል፤ ሁሉም ግን ፀሐይ ሲጽፍ ለአንድ አፍታ እጁ ይቆማል።

መሣሪያው ሲገባ እኔ ወጥቼ ስለነበር የምጽፈው ከእሷ የሰማሁትን ነው። ሦስት ቀን ሥልጠና ተሰጠ። በመጀመሪያው ቀን ታብሌቱ ጣቷን አልሰማ አላት። ጎረቤቷ ሲነካው ይከፈታል፣ እሷ ስትነካው ዝም። ጠመኔ ለዓመታት ያደረቀው ጣት ነው። የኮምፒውተር መምህሩ ሊካሳ፣ ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ የሆነ ተጫዋች ልጅ፣ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለና «ቲቸር፣ ትንሽ እርጥብ ያድርጉት» አላት። ከዚያ ወዲህ ታብሌት ከመንካቷ በፊት ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታስነካለች፤ ገጽ እንደሚገልጥ ሰው። ተማሪዎቹ ይህንን አይተው ይስቃሉ። እሷ የምትፈራው ሳቁን አልነበረም።

የምትፈራው የመጻሕፍት ክፍሉን ነው። ባለፈው ዓመት የታሪክ መምህሯ አምሳለ ከመሣሪያው ጋር አልግባባ ስትል «ለጊዜው» ተብላ መጻሕፍት ክፍል ተመድባ ነበር። የአምሳለ ድምፅ ድሮ ከሁለተኛ ፎቅ ጎዳናው ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን አቧራ ከለበሱ መጻሕፍት መካከል በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ፣ ሰው ሲገባ በሹክሹክታ ነው «ምን ላግዝሽ?» የምትለው። ጊዜው አላለቀም። ጀማነሽ በዚያ በር ስታልፍ ርምጃዋን ታፈጥናለች። ሁለት ዓመት ብቻ ነው የቀራት፤ ሁለቱን ዓመት ልጆች ፊት ቆማ መጨረስ ነበር የምትፈልገው፣ ሌላ ምንም።

ዘንድሮ በኅዳር ለስምንተኛ ክፍሎች የልምምድ ፈተና በታብሌት እንዲሰጥ፣ እርማቱንም ሲስተሙ ራሱ እንዲሠራው ተወሰነ። ሃያ ጥያቄ፤ በምርጫ ሳይሆን ቃል በመጻፍ የሚመለስ። ውጤቱ የተማሪዎቹ ብቻ አይደለም፤ የአስተማሪዎቹም ነበር። ከግማሽ በላይ ተማሪ የወደቀበት መምህር ስማርት ክፍሉን ያስረክባል ተባለ።

ጀማነሽ ጥያቄዎቹን ለአንድ ሳምንት በእጇ ስትጽፍና ስትሰርዝ ሰነበተች። ወደ ሲስተሙ የሚያስገባላት ሊካሳ ነበር፤ የመልሱን ቁልፍ ግን «ፊደሌን ማንም አይነካብኝም» ብላ እሷ ራሷ አንድ በአንድ ጻፈችው። ሠዓሊ። ፀሐይ። ኃይል። ጸሐፊ። ሥርዓት። እያንዳንዱን ፊደል ስትፈልግ፣ ጣቷን ስታረጥብ፣ ተጭና ስትጠብቅ ግማሽ ቀን ሄደ። ሲያልቅ ሊካሳ አንድ ነገር ጠየቃት።

«ቲቸር፣ እዚህ ጋ ተለዋጭ መልስ የሚል ሳጥን አለ። ሌላ የሚያስቆጥር ነገር ካለ ልጨምር?»

«ለምሳሌ?»

«ማለቴ፣ ሌላ አጻጻፍ ምናምን።»

«ሌላ አጻጻፍ የለም። ትክክሉ አንድ ነው።»

«ሹር ኖት?»

«አንተ ልጅ፣ ፊደል የቆጠርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

ሊካሳ ሳቀ። «እሺ በቃ፣ ባዶ ይሁን።»

ሳጥኑ ባዶ ሆነ። ቆይታ እንደነገረችኝ፣ በዚያች ደቂቃ በልቧ የነበረው ይህ ነው፦ መሣሪያው የተሳሳተውን ፊደል ያሳያል፣ ልጁ ያያል፣ ማርኩም እንደወትሮው ይሰጣል። ማን እንደሚሰጠው አልጠየቀችም። ለሃያ ስምንት ዓመት ሰጪዋ እሷ ነበረች፤ ማረምና መስጠት በእሷ እጅ አንድ ላይ ስለኖሩ፣ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ልብ ብላው አታውቅም።

ፈተናው ማክሰኞ ተሰጠ። መብራት አልጠፋም፣ ኔትወርክ አልተቋረጠም። ልጆቹ እየሣቁ ወጡ፤ ቀላል ነበር አሉ። ጀማነሽ የዚያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ አንድም የሱቅ ማስታወቂያ አላነበበችም።

ረቡዕ ጠዋት ውጤቱ ስማርት ቦርዱ ላይ ወጣ፤ እሷና አርባ ስድስት ልጆች እኩል አዩት። ስሞቹ ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል፣ ከጎናቸው ቁጥር፣ ያለፈው በአረንጓዴ፣ የወደቀው በቀይ። ሰሌዳው ቀይ ነበር። ስምንት ልጆች አልፈዋል፣ ሠላሳ ስምንት ወድቀዋል። ከዚያ ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ሲስተሙ ነው አይደል? ሃክ ተደርገን ነው» አለ፤ የሣቀለት የለም።

ጀማነሽ ዓይኗ የሄደው ወደ አንድ ስም ነበር። ሀፊዛ፣ ሰባት ከሃያ። ሀፊዛ የክፍሉ አንባቢ ናት። ወላጆቿ ከወሎ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ ካዛንቺስ ተወልዳ ካዛንቺስ አድጋለች፤ ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ ከጎተራ ኮንዶሚኒየም በታክሲ ትመላለሳለች፣ ትምህርት ቤት አልቀይርም ብላ። ልጅቷ ታብሌቷን በግንባሩ ደፍታ ሁለት እጇን ከላይ አስቀመጠችበት።

ጀማነሽ በዚያ ቀን የመጣላት ሐሳብ፣ ብዙ አስተማሪ ሲያረጅ የሚመጣለት ነው፤ ለካ አላስተማርኩም። ልጆቹ ሲያጨበጭቡልኝ የነበረው ለጨዋታዬ ነው። ማርኩንም በርኅራኄ ስሰጥ ኖሬ፣ የማያዝን ዳኛ ሲመጣ እውነቱ ወጣ። ሌሊቱን አልተኛችም፤ እህቷ ራስ ምታት መስሏት ሻይ አፍልታላት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ርእሰ መምህሩ አቶ ልዑልቃል አስጠሯት። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይቀላት ነበር።

«ይቀመጡ ጀማነሽ። ሻይ ይምጣ?»

«አይ፣ ይቅርብኝ።»

«ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ውጤቱ ለበላይ አካል ይተላለፋል። አንዴ ከሄደ እኔም መልሼ አላወጣውም። ማሻሻያ የሚጠይቅ መምህር ከዚያ በፊት ምክንያቱን ጽፎ ያቀርባል፣ ቅጹ ይኸው።» ወረቀቱን ገፋ አደረጉላት። «ምክንያት ከሌለ ግን ክፍሉን ለሌላ ሰው መስጠት ግድ ይሆንብኛል። መጻሕፍት ክፍሉ ሰፊ ነው። አምሳለም ብቻዋን ናት።»

«ብቻዋን ናት» አለች ጀማነሽ።

«እኔ እኮ ለእርስዎ አስቤ ነው። ደረጃ መውጣትም ይቀርልዎታል።»

ከቢሮው ስትወጣ ደረጃውን ቆጠረችው። ሃያ ሁለት ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ቆጥራው አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ልጆች ሲለቀቁ በሩ አጠገብ ቆማ ሀፊዛን ጠበቀቻት። ልጅቷ ልትሸሻት ፈልጋ ነበር፤ መውጫው ግን አንድ ነው።

«ነይ እስቲ። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የሥዕል ባለሙያ ምን ይባላል?»

«ሠዓሊ።»

«ታዲያ ምነው ተሳሳትሽ?»

«አልተሳሳትኩም ቲቸር። እንደዚያ ነው የጻፍኩት።»

«ጻፊልኝ።»

ሀፊዛ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች። ሰአሊ።

ጀማነሽ ያየችው ያኔ ነው። ለሃያ ስምንት ዓመት ስትከብበው የኖረችው ያው ቃል፣ ያው ሁለት ፊደል። እጇ ሳታዝዘው ቀይ እስክሪብቶ ፍለጋ ወደ ቦርሳዋ ገባና ጠመኔውን ነካ።

«ሠን አስተምሬሽ የለም እንዴ? ዓንስ?»

«አስተምረውኛል። ግን ታብሌቱ ላይ ኤስን ሲነኩት ቶሎ የሚመጣው ይኼኛው ሰ ነው። ያኛውን ለማግኘት ተጭኖ መቆየት አለ። የፈተናው ሰዓት ደግሞ ከላይ ይቆጥራል…» ልጅቷ ትንሽ አመነታች። «ደግሞም እርስዎ ከብበው ያልፉናል ብዬ ነው።»

እኔን የፈለገችኝ ከዚያ በቀጥታ ነው። ላንቻ፣ ከታክሲ ተራው ወረድ ብሎ ካለችው ሻይ ቤት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እንደምገኝ ታውቃለች። ገና ሳትቀመጥ ነው የጀመረችው።

«ጋሼ፣ ልጆቹን የጣልኳቸው እኔ ነኝ።»

ሁሉን ነገረችኝ። ባዶ ስለተተወው ሳጥን፣ ስለ ሊካሳ ጥያቄ፣ ስለ ሀፊዛ ደብተር። ሻዩ ቀዘቀዘ።

«መሣሪያው ነው በያቸዋ» አልኳት። «አማርኛ የማያውቅ መሣሪያ አምጥተው ምን ሊሆን ኖሯል?»

«መሣሪያው ያልኩትን ነው ያደረገው። ቃል በቃል።» ብርጭቆውን አዞረችው። «ጋሼ፣ እኔን ነው የሚመስለው። እኔው ነኝ፤ ማርክ የምትሰጠዋ ተቀንሳ።»

እኔ ዕድሜ ልኬን ሰው እንዴት ያውቃል፣ ማወቁስ በምን ይታወቃል እያልኩ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን የጠቀመኝ አንድም መጽሐፍ ትዝ አላለኝም። አስተማሪ ሲያርም ሁለት ነገር ያያል፤ የተጻፈውንና ሊጻፍ የታሰበውን። መሣሪያው የሚያየው አንዱን ብቻ ነው፤ ግን አንዱን ብቻ እንዲያይ ያዘዘው ሰው ነው፣ ያውም ሁለቱን አጥርታ የምታይ ሰው።

«ታዲያ አሁን ምን ይደረግ?» አልኳት።

«ሳጥኑን መሙላት ነው። ነገ ከስድስት ሰዓት በፊት። ልጆቹ የጻፉትን ሁሉ ትክክል ነው ብዬ፣ በገዛ እጄ።» ብርጭቆውን ከፊቷ ገፋችው። «ሰአሊ ትክክል ነው። ጸሀይ ትክክል ነው። አባቴ አንዲት ፊደል ብሳሳት ሰሌዳዬን አሳጥበው እንደገና ያስጽፉኝ ነበር። ደግሞ ሞልቼው ቢሆንስ ምን ዋጋ አለው? ቅጹ ምክንያት ይጠይቃል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት ስል፣ መሣሪያውን መያዝ አቃታት ብለው ያው መጻሕፍት ክፍል ነው የሚሰዱኝ።»

የታክሲ ረዳቶች «ቡልጋሪያ! ቡልጋሪያ በሜክሲኮ!» እያሉ ይጮሃሉ። ሳትሰናበተኝ ተነሣችና ሄደች፤ እንደዚያ አድርጋ አታውቅም።

ዐርብ ሁለት ሰዓት ላይ የኮምፒውተር ክፍል ነበረች። ሊካሳ እንኳ አልደረሰም፤ ሲመጣ በሩ ላይ ቆማ ነው ያገኛት። ነገሩን ስትነግረው ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ወይኔ ቲቸር፣ እኔም እኮ መግፋት ነበረብኝ።»

«የሚገፋኝ ሰው ሆኜልህ ነው? አሁን አንብብልኝ። ልጆቹ የጻፉትን ብቻ፣ አንድ በአንድ።»

ሥራው እንዲህ ነበር፦ ሊካሳ በአንዱ ኮምፒውተር የልጆቹን መልስ ከፍቶ ያነብላታል፣ እሷ በሌላው ተለዋጩን ትጽፋለች። ከሃያው ጥያቄ አሥራ ስድስቱ እንዲህ ዓይነት ፊደል ነበረባቸው።

«ሠዓሊ» አለ ሊካሳ።

«በየትኛው ሰ?»

«በ… በሰ።»

«ንጉሡ ነው እሳቱ?»

«ቲቸር፣ እሱን እኔ በምን ዐውቃለሁ!»

«ሹካ የሚመስለው ነው፣ ወይስ ሁለት እግር ያለው?»

«ሁለት እግር።»

«እሳቱ ሰ። ዓስ?»

«ክቡ አይደለም፤ ያኛው።»

«አልፋው አ። ቀጥል።»

«ሌላኛው ደግሞ ሁለት እግር፣ ከዚያ ክቡ።»

ፀሐይ ላይ ሲደርሱ ሰባት ዓይነት አጻጻፍ አገኙ። ሊካሳ ሰባተኛውን ሲያነብ መሳቅ ጀመረ። «ይኼ ደግሞ ባለ ሦስት እግሩ ሐ ነው፣ ግን ጸው ያኛው ጸ ነው፤ ቲቸር፣ ሀገሪቱ ላይ ስንት ፀሐይ ነው ያለው?» እሷ አልሳቀችም። ሰዓቱን ታያለች። አራት ሰዓት ከሩብ። ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታስነካለች፣ ትጽፋለች፣ ከሥሩ «ትክክል» የሚለውን ትነካለች። ቀድሞ በቀይ የከበበችውን አንድ በአንድ በአረንጓዴ ታሳልፋለች። አንድ ጊዜ «ሀይል» የሚለውን ጽፋ «ትክክል» ልትል ስትል ጣቷ ተንሸራተተና የተሳሳተ ቦታ ነካች፤ የሠሩት የሦስት ጥያቄ መልስ ተሰረዘ። ሊካሳ ዞር ብሎ አያት። ከዚያ የተሰረዙትን ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረላት።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሃያኛው ጥያቄ ደረሱ። አሥራ ዘጠነኛው «የማጣትን፣ የችግር ኑሮን የሚገልጽ ቃል ጻፉ» ይላል፤ መልሱ ድህነት ነው። ሃያኛው «ከጥፋት መትረፍን፣ መዳንን የሚገልጽ ቃል ጻፉ» ይላል፤ መልሱ ድኅነት ነው። ጎን ለጎን ያደረገቻቸው ሆን ብላ ነበር።

«ሃያ አንድ ልጅ በሁለቱም ላይ ድህነት ብሎ ጽፏል፣ በመጀመሪያው ሀ» አለ ሊካሳ። «ላስገባው?»

«አይሆንም።»

«ቲቸር፣ ያው አይደለም እንዴ? ሲነበብ እኮ…»

«ሲነበብ ያው ነው። ግን ይኼ መዳን ነው፣ ያ ማጣት ነው። መዳንን ጻፍ ስለው ማጣትን ከጻፈ ምኑን ነው የማልፍለት?» ፀሐይን በሰባት ዓይነት ያሳለፈችው ሴት ወንበሯ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች። «ሌሎቹን ሁሉ ሰጥቻለሁ። ይኼ ፊደል አይደለም፣ ነገሩ ራሱ ነው።»

«ኦኬ፣ ኦኬ። አንዷ ደግሞ አለች፤ ድሕነት፣ ባለ ሦስት እግሩ። ስሟ… ሀፊዛ።»

ሐመሩ ሐ እዚያ ቦታ የለም። በየትኛውም መዝገበ ቃላት የለም። በዚህ መልክ የጻፈ ሌላ ልጅ አልነበረም።

«ጥራልኝ።»

«አሁን? ቲቸር፣ አርባ ደቂቃ እኮ ነው የቀረን!»

«ጥራልኝ አልኩህ።»

ሀፊዛ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተጠርታ፣ ሌላ መዓት የመጣ መስሏት ፊቷ ጠቁሮ ገባች። ጀማነሽ ቃሉን አሳየቻት። «ይኼን ሐ ለምን አደረግሽው? ይኼ እንኳ ቶሎ አይመጣም፤ ተጭኖ መቆየት አለ ብለሽኛል።»

«አሥራ ዘጠነኛው ላይ ድህነት ብዬ ጽፌ ነበር» አለች ልጅቷ። «ሃያኛው ሌላ ነገር ነው፤ ተመሳሳይ ሊሆን አይችልም። እርስዎም አንድ ቀን ይለያሉ ብለውናል። ግን በየትኛው ሀ እንደሚለይ ጠፋኝ። ስለዚህ… የመጀመሪያውን ሀ ተጠቅሜበታለሁ፣ በቃ ሌላ ሀ አደረግኩበት።»

«እንዲለይ ብለሽ።»

«እንዲለይ ብዬ ነው።»

ጀማነሽ ጣቷን አረጠበች፣ ድሕነት ብላ ጻፈችና ከሥሩ «ትክክል» አለች። ከዚያ የልጅቷን ደብተር ተቀብላ፣ ገጽ ገልጣ፣ ድሕነት ብላ ጻፈች፤ ሕን በቀይ ከበበችው፤ ከጎኑ «ኅ» አለች። «ሂጂ አሁን፣ ሒሳብሽ እንዳያልፍሽ።»

ቅጹ ቀረ። ምክንያት ለሚለው ሦስት ሳጥን አለው፦ የተማሪ ችግር፣ የመሣሪያ ችግር፣ የመምህር ችግር። አንዱ ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ይፈረማል።

«መሣሪያ ይበሉት» አለ ሊካሳ። «መሣሪያ ሆድ አይብሰውም።»

«የመሣሪያው ኃላፊ ማን ነው?»

ሊካሳ ራሱ ነበር። ከተቀጠረ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ።

«አየህ» አለች። የመምህር ችግር የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ከሥሩ ባለችው ጠባብ መስመር ላይ «በሲስተሙ መልስ ሲሞላ ተለዋጭ አጻጻፍ እንዳይገባ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች፣ ፈረመች። ለስድስት ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀር አቶ ልዑልቃል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። አንብበው ቀና አሉ።

«ጀማነሽ፣ ይኼን ሲጽፉ አስበውበታል?»

«ከትናንት ጀምሮ።»

«እሺ» አሉ። በአዲሱ እርማት ሠላሳ ሰባት ልጆች አለፉ፤ ሀፊዛ አሥራ ዘጠኝ አገኘች። ይህን ስትሰማ ደስ ብሏት እንደሆነ ጠይቄያት ነበር። «ደስ ማለቱ ኋላ ነው የሚመጣው» አለችኝ፤ ቅዳሜንና እሑድን የስልክ ጥሪ በሰማች ቁጥር እየደነገጠች አሳለፈች። መጻሕፍት ክፍሉ መስኮት በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ክረምት ላይ ዝናብ ያስገባ እንደሆነ ስታሰላ ነበር። ከአምሳለ ጋር ምን እያወሩ እንደሚውሉም አስባለች።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤው መምህራን ማረፊያ ውስጥ በስሟ ተቀምጦ ጠበቃት። በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ማኅተም ያለው። ቆማ አነበበችው። እንዴት እንዳነበበችው የነገረችኝ እየሣቀችም እያፈረችም ነው። መጀመሪያ ያየችው «ስራ» ነበር፣ በእሳቱ ስ። ቀጥሎ «ሀላፊነት»። ቀጥሎ «አመት»። ሦስቱንም በዓይኗ ከብባ ጨርሳ፣ ቀይ እስክሪብቶዋን አውጥታ፣ ጫፉን «አመት» ላይ አሳርፋ ሳለች ነው፣ የያዘችው ወረቀት ምን እንደሚል እስካሁን አለማንበቧ ትዝ ያላት። እስክሪብቶውን አነሣችና ከላይ ጀመረች።

እስከ አመቱ መጨረሻ ድረስ በክፍልዎ ስራዎን እንዲቀጥሉ፤ ከአሁን በኋላ የመልስ ቁልፍ ለሌላ መምህር ሳያሳዩ እንዳያስገቡ፤ የሚቀጥለው አመት ምደባ ወደፊት የሚወሰን መሆኑን በሀላፊነት እናሳውቃለን ይላል።

እስከ ዓመቱ መጨረሻ። ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት የመጨረሻዋ ነው፤ የት እንደምታሳልፈው ደብዳቤው አይናገርም። የዚያኑ ቀን ማታ ሻይ ቤት አምጥታ አሳየችኝ። ወረቀቱን ሁለቴ አጥፋ ከጠመኔዎቹ ጋር በፌስታሉ ውስጥ ነው የምትይዘው። ምንም አልከበበችበትም። «አመት» ከሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ ግን እስክሪብቶው ያረፈባት አንዲት ቀይ ነጥብ አለች።